የሞኒካ ታሪክ፤ ስለ ትዕግሥትና ስለ መልካም ጠባይ

የሰው ጠባይ የሚታወቀው በአደባባይ ብቻ አይደለም። በአደባባይ ሰው ሁሉ ልብሱን አጥቦ፣ ፊቱን አስተካክሎ፣ ንግግሩን አሳምሮ ይታያል። በቤቱ ውስጥ ግን እህል ሲያንስ፣ ሥራ ሲበዛ፣ አንዱ ሲቈጣ፣ ሌላው ሲያኰርፍ እውነተኛው ጠባይ ይገለጣል። ስለዚህ የቤት ኑሮ የጠባይ መፈተኛ ነው።

ከብዙ ዘመን በፊት በሰሜን አፍሪካ የኖረች ሞኒካ የምትባል ሴት በዚህ ፈተና ዕድሜዋን ሙሉ ተፈተነች። ሠራዊት አልመራችም፤ ከተማ አልቈረቈረችም፤ ግዛት አልነበራትም። ነገር ግን ከሞተች ከ1600 ዓመት በላይ ሆኖ ሳለ ስሟ እስከ ዛሬ በክብር ይጠራል። ያስከበራትም በቤቷ ውስጥ የጠበቀችው መልካም ጠባይ ነው። በዚህ ታሪክ የተጻፈው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው።

የወይኑ ጋን

ሞኒካ በ332 ዓ.ም. አካባቢ ታጋስቴ በምትባል ከተማ ተወለደች። ይህች ከተማ ዛሬ በአልጄርያ አገር ውስጥ ናት፤ ስሟም ሱቅ አህራስ ይባላል። በዚያ ዘመን አገሩን ይገዛ የነበረው የሮማ መንግሥት ነው። የሞኒካ ወላጆች ክርስቲያኖች ነበሩ። በቤታቸውም አንዲት አሮጊት ሞግዚት ነበረች። ይህች አሮጊት የሞኒካን አባት በሕፃንነቱ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች ስለ ሆነች የቤቱ ሰዎች ሁሉ ያከብሯት ነበር፤ የቤቱንም ሴቶች ልጆች እንድታሳድግ አደራ ተሰጥቷት ነበር።

አሮጊቷ በሥርዐት ጽኑ ነበረች። ልጃገረዶቹ ከገበታ ሰዓት በቀር ውሃ እንኳ እንዳይጠጡ ትከለክላቸው ነበር። ዛሬ በፈለጉት ሰዓት ውሃ መጠጣት ከለመዱ፣ ነገ አግብተው የጓዳው ቍልፍ በእጃቸው ሲገባ ውሃውን ንቀው ወደ ወይን እንደሚሄዱ ታስረዳቸው ነበር።

ሆኖም የሞግዚቷ ጥበቃ ሁሉ ሞኒካን ከስሕተት አላዳናትም። ወላጆቿ ቍጥብ ልጅ መሆኗን ስላመኑ ከጋኑ ወይን እየቀዳች እንድታመጣ ይልኳት ነበር። እርሷም በቀዳች ጊዜ፣ ወይኑን ወደ ማቅረቢያው ዕቃ ከመገልበጧ በፊት ከንፈሯን ታስነካው ነበር። ይህን ያደረገችው ወይን ወዳ ሳይሆን በልጅነት ጨዋታ ነበር። ነገር ግን ጥቂት በጥቂት እየጨመረች ሄደች፤ በመጨረሻም ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ዋንጫ በደስታ የምትጨልጥ ሆነች።

ከዚህ ልማድ ያዳናት የእናቷ ምክር ወይም የሞግዚቷ ቍጣ አልነበረም። ወደ ጓዳ አብራት የምትሄድ አንዲት ገረድ ነበረች። አንድ ቀን ሁለቱ ብቻቸውን ሳሉ ተጣሉ፤ ገረዲቱም ሞኒካን ሰካራም ብላ ሰደበቻት። ይህን የተናገረችው ልታርማት አስባ አልነበረም፤ ልታዋርዳት ፈልጋ ነበር እንጂ። ሌላ ልጅ ብትሆን ስድቡን በስድብ በመለሰች፣ ወይም እያለቀሰች ሄዳ ለእናቷ በከሰሰች ነበር። ሞኒካ ግን ነገሩን በልቧ መረመረችው፤ እውነትም ሆኖ አገኘችው። በጥፋቷ ዐፈረች፤ ከዚያች ሰዓት ጀምራም ልማዱን ፈጽማ ተወችው።

መራራ መድኃኒት ከማንም እጅ ቢመጣ ያድናል። የሰደበንን ሰው ከመጥላታችን በፊት፣ ስድቡ እውነት እንዳለበት መመርመር ብልህነት ነው።

ቍጡው ባል

ሞኒካ ዕድሜዋ በደረሰ ጊዜ ጳጥሪክዮስ ለሚባል ሰው ተዳረች። ጳጥሪክዮስ በታጋስቴ ከተማ ሸንጎ ውስጥ ከሚቀመጡት ሰዎች አንዱ ነበረ፤ ሀብቱ ግን ጥቂት ነበረ። ልቡ ቸር ሲሆን፣ ቍጣው እንደ ገለባ እሳት ፈጥኖ የሚነድ ነበረ። በጋብቻውም ታማኝ አልነበረም፤ ደግሞም የሚስቱን ሃይማኖት አልተቀበለም ነበር። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ጣራ ሥር እየኖሩ በሃይማኖትም በጠባይም የተለያዩ ነበሩ።

ሞኒካ ከተቈጣ ሰው ጋር መከራከር በእሳት ላይ ቅቤ ማፍሰስ እንደ ሆነ አስተዋለች። ባሏ በተቈጣ ጊዜ በሥራም በቃልም አትቃወመውም ነበር። ሆኖም ዝምታዋ የኩርፊያ ዝምታ አልነበረም። ቍጣው እስኪበርድ ትጠብቅ ነበር፤ ከበረደለትም በኋላ፣ ያለ ምክንያት ተቈጥቶ እንደ ሆነ፣ ያደረገችውን ነገር ስለ ምን እንዳደረገችው በለሰለሰ ቃል ታስረዳው ነበር። ስለዚህ ዝም ማለትንም መናገርንም ታውቅ ነበር፤ ሁለቱንም በየጊዜያቸው አደረገቻቸው።

በዚያ ዘመን ብዙ ባሎች ሚስቶቻቸውን ይመቱ ነበር። የከተማው ሴቶች በተሰበሰቡ ጊዜ የአንዳንዶቹ ፊት በምት ቈስሎ ይታይ ነበር፤ ስለ ባሎቻቸውም ክፋት እርስ በርሳቸው ያወሩ ነበር። ባሎቻቸው ግን ከጳጥሪክዮስ ይልቅ የለዘቡ ነበሩ። የጳጥሪክዮስን ቍጣ የሚያውቁ ሁሉ፣ ሚስቱን መታ ሲባል ስላልሰሙ፣ በቤታቸውም የአንድ ቀን ጠብ እንኳ ስላልታየ፣ እጅግ ይደነቁ ነበር። ምሥጢሩንም በጠየቋት ጊዜ ልማዷን ነገረቻቸው። ምክሯን ተቀብለው የሞከሩት ጠቅሟቸው አመሰገኗት።

ይህን ታሪክ የሚያነብ ልጅ አንድ ነገር ያስተውል። ሚስቱን የሚመታ ሰው ጥፋቱም ውርደቱም የራሱ ነው፤ የተመታችው ሴት ጥፋት አይደለም። የምትመታ ሴት ከዘመድ፣ ከሽማግሌና ከዳኛ ርዳታ መፈለጓ ተገቢ ነው። ትዕግሥት ማለት ክፉውን ደግ ብሎ መጥራት አይደለም። ሞኒካም የታገሠችው የባሏ ቍጣ ትክክል ስለ መሰላት አይደለም፤ የእርሱ ቍጣ የእርሷን ጠባይ እንዳያበላሽባት ተጠንቅቃ ነው እንጂ።

ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ የጳጥሪክዮስ ልብ ተለወጠ። በ370 ዓ.ም. አካባቢ የሚስቱን ሃይማኖት መማር ጀመረ፤ ከመሞቱም በፊት ተጠመቀ። ከዚያም ወዲያ ቀድሞ በእርሱ ምክንያት ታዝንበት የነበረው ነገር አልተመለሰም።

አማትና ምራት

ሞኒካ በባሏ ቤት ስትገባ ያገኛት ችግር የባሏ ቍጣ ብቻ አልነበረም። የጳጥሪክዮስ እናት በሕይወት ነበረች። በቤቱም የነበሩ ገረዶች ስለ ሞኒካ ክፉ ክፉ ነገር እየፈጠሩ በአማቷ ጆሮ ሹክ ይሉ ነበር። አማቷም ነገራቸውን አምና ምራቷን ጠላች።

ሞኒካ ገረዶቹን አልተበቀለችም፤ አማቷንም በፊቷ አላዋረደችም። በየቀኑ በአክብሮት አገለገለቻት፤ ሳትሰለችም በትሕትና ታገሠች። ሐሰት ብዙ ጊዜ በክርክር ከመጥፋት ይልቅ በመልካም ሥራ ፊት ቆሞ ያፍራል። አሮጊቷ በጆሮዋ የሰማችውን በዐይኗ ካየችው ጋር አስተያየች፤ ገረዶቹም እንደ ዋሹ ዐወቀች። ከዚህ በኋላ ማንም ሳያስገድዳት ራሷ ሄዳ፣ የቤቱን ሰላም ያደፈረሱት እነማን እንደ ሆኑ ለልጇ ገለጠች። ጳጥሪክዮስም እንደ ዘመኑ ልማድ ገረዶቹን በግርፋት ቀጣቸው። አማቷም ወደ ፊት ምራቷን ልታማላት የምትመጣ ሁሉ ይኸው ዋጋ እንደሚጠብቃት አስታወቀች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ወሬ ለማቀበል የደፈረ አልተገኘም፤ አማትና ምራትም እንደ እናትና ልጅ በፍቅር ኖሩ።

ነገር የማታመላልስ ሴት

ሰዎች ሲጣሉ ሁለቱም ወገኖች ቍጣቸውን የሚያራግፉበት ሦስተኛ ሰው ይፈልጋሉ። በታጋስቴ ሴቶች ዘንድ ይህች ሦስተኛ ሰው ሞኒካ ነበረች። አንዲቱ መጥታ ስለ ጠበኛዋ መራራ ቃል ስታፈስ ሞኒካ ትሰማታለች፤ ሌላይቱም በተራዋ ስትመጣ እንዲሁ ትሰማታለች። ነገር ግን ከአንዲቱ የሰማችውን ክፉ ቃል ለሌላይቱ አታደርስም ነበር። የምታደርሰው ሁለቱን ሊያስታርቅ የሚችለውን ቃል ብቻ ነበር።

ይህ ነገር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙዎች አይችሉትም። ነገር የሚያመላልስ ሰው የተነገረውን ክፉ ቃል ብቻ አያደርስም፤ ያልተነገረውንም ጨምሮ ያደርሳል። እንዲህም ሲሆን በአንድ ቀን ይበርድ የነበረው ጠብ ዓመት ይቈያል። የሞኒካ ጆሮ ግን እንደ ጥልቅ ጕድጓድ ነበረ፤ ክፉ ቃል ይገባበታል እንጂ አይወጣበትም።

ልጇ አውግስጢኖስ

ሞኒካ ሁለት ወንዶች ልጆችና አንዲት ሴት ልጅ ነበሯት። ከእነርሱ አንዱ አውግስጢኖስ ይባላል። የተወለደው በኅዳር ወር በ354 ዓ.ም. ነው። አእምሮው እጅግ የሰላ ልጅ ነበረ። አባቱ ሀብቱ ጥቂት ሲሆን ከዐቅሙ በላይ እየከፈለ አስተማረው፤ በመጀመሪያ በታጋስቴ፣ ቀጥሎም ማዳውሮስ በምትባል ከተማ ተማረ። ነገር ግን በ16 ዓመቱ ገንዘብ ስላለቀ ትምህርቱን አቋርጦ አንድ ዓመት በቤት ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ።

ሥራ መፍታት ለወጣት ክፉ ጓደኛ ነው። አውግስጢኖስ ከዋልጌ ጓደኞች ጋር በሌሊት ይዞር ጀመር። አንድ ሌሊትም ከጐረቤት ዛፍ የፒር ፍሬ ዘርፈው አብዛኛውን ለዕሪያዎች ጣሉት፤ ርቧቸው አልነበረም፤ መስረቁ ራሱ አስደስቷቸው ነው እንጂ። እናቱ ስለ ጠባዩ ተጨንቃ ለብቻው ጠርታ መከረችው። እርሱ ግን የእናትን ምክር መስማት ለወንድ ልጅ የሚያሳፍር መስሎት አልሰማትም።

ከዚህ በኋላ ትምህርቱን ሊፈጽም ቀርታግና ወደምትባለው ታላቅ ከተማ ሄደ። ይህችም ዛሬ በቱኒዝያ አገር የምትገኘው ናት። በዚያው ጊዜ አባቱ ሞተ። ሞኒካ መበለት ሆና ሳለ የልጇን ትምህርት አላስቋረጠችም፤ ሮማንያኖስ የሚባል የአገራቸው ባለጠጋም በገንዘብ ረዳቸው።

አውግስጢኖስ በትምህርቱ ከጓደኞቹ ሁሉ በለጠ። ነገር ግን በቀርታግና ሳለ ማኒ የሚባል ሰው ያስተማረውን ሃይማኖት ተከተለ፤ የእናቱንም እምነት እንደ አሮጊት ተረት ቈጠረ። ወደ አገሩም በተመለሰ ጊዜ ሞኒካ እጅግ ከማዘኗ የተነሣ በመጀመሪያ በቤቷ እንዲኖርና ከገበታዋ እንዲበላ አልፈቀደችም።

አንድ ሌሊት ግን ሕልም አየች። በእንጨት መለኪያ ላይ ቆማ ስታዝን፣ ብርሃን የለበሰ ወጣት ቀርቦ ልጇ እርሷ በቆመችበት ስፍራ ቆሞ እንዳለ አሳያት። ሕልሟንም ለአውግስጢኖስ ነገረችው። እርሱ በክርክር የሠለጠነ ሰው ስለ ነበረ፣ አንድ ቀን እርሷ ወደ እርሱ እንደምትመጣ አድርጎ ሊተረጕመው ሞከረ። ሞኒካ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ሳታመነታ፣ የተነገራት እርሷ እርሱ ወዳለበት እንድትሄድ ሳይሆን እርሱ እርሷ ወዳለችበት እንዲመጣ መሆኑን መለሰችለት። አውግስጢኖስ ከሕልሙ ይልቅ በመልሷ ፈጣንነት ተደነቀ። እርሷም ከዚያ በኋላ ልጇን ወደ ቤቷና ወደ ገበታዋ መለሰችው። ሐሳቡን ሳትቀበል ልጅነቱን አልካደችም።

ደግሞም ወደ አንድ ጳጳስ ሄዳ ልጇን እንዲከራከርላት ለመነችው። ጳጳሱ አስተዋይ ሰው ነበረ፤ ልጁ በአዲስ ትምህርቱ ስለ ኰራ ገና ለምክር የተዘጋጀ እንዳልሆነ፣ ራሱም እያነበበ ስሕተቱን እንደሚያገኝ ነገራት። እርሷ ግን እያለቀሰች መለመኗን አላቋረጠችም። በመጨረሻ ጳጳሱ ሰለቸውና፣ ይህን ያህል እንባ የፈሰሰለት ልጅ ሊጠፋ እንደማይችል ነግሮ አሰናበታት። ሞኒካም ይህን ቃል እንደ ስንቅ ይዛ ተመለሰች። ቍጡ ባሏን በቍጣው ሰዓት አትከራከረው እንደ ነበረ፣ የልጇም ጊዜ እስኪደርስ መጠበቅ እንዳለባት ተረዳች።

የመርከቡ ሌሊት

በ383 ዓ.ም. አውግስጢኖስ ከቀርታግና ወደ ሮማ ሊሄድ አሰበ። ሞኒካም እስከ ባሕሩ ዳር ተከተለችው፤ ወይ እንዲመለስ ወይ ይዟት እንዲሄድ አጥብቃ ያዘችው። ሞኒካም ሰው ስለ ነበረች ድካም ነበረባት። ልጇ ከአጠገቧ እንዳይለይ ከብዙ እናቶች ይልቅ ትሻ ነበር።

አውግስጢኖስ ግን አታለላት። ነፋስ እስኪነሣ ድረስ የሚሄድ ወዳጁን ብቻ የሚያጫውት አስመሰለ፤ እርሷንም በመርከቡ አቅራቢያ በነበረው በቅዱስ ቆጵርያኖስ ጸሎት ቤት እንድታድር አሳመናት። በዚያች ሌሊት፣ እርሷ ስትጸልይና ስታለቅስ፣ ነፋሱ ነፈሰ፤ መርከቡም ሄደ። በነጋ ጊዜ በባሕሩ ዳር ልጇን አጣችው።

የገዛ ልጅ ማታለል ከባዕድ ማታለል ይልቅ ያማል። ሞኒካ በዚያ ማለዳ እጅግ አለቀሰች፤ በልጇም ማታለልና ጭካኔ አማረረች። ነገር ግን እንባዋን ካፈሰሰች በኋላ ወደ ቤቷ፣ ወደ ዕለት ሥራዋና ወደ ጸሎቷ ተመለሰች። ልጇን አልረገመችውም፤ ተስፋዋንም አልቈረጠችም። መልካም ጠባይ ያለው ሰው አያዝንም ማለት አይደለም፤ ኀዘኑ ወደ ክፋት እንዳይለወጥ የሚጠብቅ ነው።

በሚላኖ ከተማ

አውግስጢኖስ ከሮማ ወደ ሚላኖ ሄዶ በ384 ዓ.ም. የንግግር ጥበብ መምህር ሆኖ ተሾመ። በ385 ዓ.ም. ሞኒካ ባሕር ተሻግራ መጣች። በመንገድም ማዕበል ተነሣ። ባሕር ያልለመዱ መንገደኞች በፈሩ ጊዜ የሚያጽናኗቸው መርከበኞች ናቸው፤ በዚያ ቀን ግን መርከበኞቹን ያጽናናቻቸው ሞኒካ ነበረች።

ልጇንም ባገኘችው ጊዜ፣ የማኒን ትምህርት እንደ ተወ፣ ነገር ግን ገና የእርሷን እምነት እንዳልተቀበለ ነገራት። የልመናዋ እኩሌታ እንደ ተፈጸመ ሰምታ በደስታ አልዘለለችም፤ የቀረውም እንደሚፈጸም በጸጥታ ተማመነች።

በሚላኖ የነበረው ጳጳስ አምብሮስዮስ ይባላል። ሞኒካ እንደ አገሯ ልማድ ምግብና ዳቦ ወይንም በመሶብ ይዛ ወደ ሰማዕታት መቃብር በሄደች ጊዜ፣ የበሩ ጠባቂ አስቆማት። ጳጳሱ ይህ ልማድ ለሰካሮች ምክንያት እንዳይሆን ከልክሎት ነበር። ብዙ ሰው ከልጅነቱ የለመደው ነገር ሲነካበት ይቈጣል። ሞኒካ ግን ምክንያቱን ባወቀች ጊዜ ያለ ማንጐራጐር ተቀበለች፤ ከዚያም ወዲያ ወደ መቃብሩ መሶብ መያዟን ትታ የምትችለውን ለድኾች መስጠት ጀመረች። አውግስጢኖስም እናቱ በዕድሜዋ የለመደችውን ነገር እንዲህ በቶሎ መተዋን አይቶ ተደነቀ።

በነሐሴ ወር በ386 ዓ.ም. አውግስጢኖስ በሚኖርበት ቤት የአትክልት ስፍራ ተቀምጦ በራሱ አዝኖ ሲያለቅስ፣ ከጐረቤት የሕፃን የዜማ ድምፅ ሰማ። ድምፁም ማንበብን የሚያዝዝ መሰለው፤ የጳውሎስንም መልእክት ገልጦ አነበበ፤ በዚያም ልቡ ተለወጠ። ከወዳጁ ከአሊጵዮስ ጋር በመጀመሪያ የሄደው ወደ እናቱ ነበረ፤ የሆነውንም ሁሉ ነገራት። ያች በማዕበል ያልደነገጠች ሴት በዚያ ቀን በደስታ ተመላች።

የሁሉ እናት

በዚያው ዓመት አውግስጢኖስ ከወንድሙ ከናዊግዮስ፣ ከልጁ ከአዴኦዳጦስ፣ ከወዳጆቹና ከተማሪዎቹ ጋር ካሲቂያኩም ወደሚባል የገጠር ቤት ሄደ። ሞኒካም አብራቸው ነበረች። ወንዶቹ ስለ ጥበብ ሲከራከሩ ቤቱን የምታዘጋጅ፣ ምግቡ ሲደርስም የምትጠራቸው እርሷ ነበረች። ሁሉን እንደ እናት አሰበችላቸው፤ ሁሉንም እንደ ልጅ አገለገለቻቸው።

ሆኖም ከጓዳ ብቻ አልቀረችም። በኅዳር ወር አውግስጢኖስ በተወለደበት ቀን፣ ሰው ደስተኛ የሚሆነው የሚፈልገውን ሁሉ ሲያገኝ እንደ ሆነ ጥያቄ ተነሣ። ሞኒካም፣ የሚፈልገው መልካም ነገር ሆኖ ቢያገኘው ደስተኛ እንደሚሆን፣ ክፉ ነገር ፈልጎ ቢያገኝ ግን አግኝቶም ጐስቋላ እንደሚሆን መለሰች። መምህሩ ልጇ፣ እናቱ የጥበብን አምባ እንደ ያዘች መሰከረላት። ቤቷን እያስተዳደረች በትዕግሥት የኖረች ሴት፣ ሊቃውንት በመጽሐፍ የሚፈልጉትን ከኑሮ ተምራው ነበር።

የሞኒካ ዕረፍት

በ387 ዓ.ም. በትንሣኤ ሌሊት አውግስጢኖስ፣ አዴኦዳጦስና አሊጵዮስ በሚላኖ በአምብሮስዮስ እጅ ተጠመቁ። ከዚያም ሁሉም ወደ አፍሪካ ሊመለሱ ተነሡ፤ ለመርከቡም ጕዞ በኦስትያ ወደብ ዐረፉ። አንድ ቀን እናትና ልጅ የአትክልቱን ስፍራ በሚያሳይ መስኮት አጠገብ ቆመው ስለ ዘላለም ሕይወት ብዙ ተነጋገሩ። ሞኒካም በዚህ ዓለም ስትመኘው የነበረው ነገር ስለ ተፈጸመላት ሌላ የሚያስቀራት ጕዳይ እንደሌለ ገለጠችለት።

ከአምስት ቀን ያህል በኋላ ትኵሳት ያዛት። ቀድሞ በአገሯ ከባሏ አጠገብ ለመቀበር እጅግ ታስብ ነበር፤ መቃብሩንም አዘጋጅታ ነበር። ናዊግዮስ በባዕድ አገር እንዳትሞት ሲመኝ በሰማች ጊዜ ግን፣ ሥጋዋን በየትም ቢቀብሩት እንዳይጨነቁ፣ ይልቅስ በጸሎታቸው እንዲያስቧት አዘዘች። በታመመች በዘጠነኛው ቀን፣ በ56ኛ ዓመቷ ዐረፈች። ልጁ አዴኦዳጦስ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ። አውግስጢኖስ እንባውን ለጊዜው ቢይዝም፣ በኋላ ብቻውን ሆኖ አለቀሰላት። በዚያን ጊዜ በ33ኛ ዓመቱ ላይ ነበረ።

አውግስጢኖስ በኋላ ሂጶ በምትባል በአፍሪካ ከተማ ጳጳስ ሆነ፤ በ430 ዓ.ም. እስኪሞትም ድረስ ብዙ መጻሕፍት ጻፈ። ኑዛዜ በሚባለው መጽሐፉ የራሱን ጥፋት ሳይሸሽግ የእናቱንም ታሪክ ጻፈ፤ ስለ ወይኑ ጋን፣ ስለ አማቷ፣ ስለ መርከቡ ሌሊት የታወቀው ሁሉ ከዚያ የተገኘ ነው። ያታለላት ልጅ ራሱ ምስክሯ ሆነ። በ1945 ዓ.ም. በኦስትያ መሬት ሲቈፈር፣ በመቃብሯ ላይ ተጽፎ ከነበረው ቃል ከፊሉን የያዘ የተሰበረ የእብነ በረድ ድንጋይ ተገኘ። በአሜሪካም አገር በባሕር ዳር ያለች አንዲት ከተማ በስሟ ሳንታ ሞኒካ ትባላለች።

ልጆች ሆይ፣ ከሞኒካ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ለትልልቅ ሰዎች ብቻ አይደለም። ወንድማችሁ ሲቈጣችሁ ወዲያው አትመልሱለት፤ ቍጣው ከበረደ በኋላ ግን ያሰባችሁትን በግልጥ ንገሩት። ጓደኛችሁ ስለ ሌላው ጓደኛ የነገራችሁን ክፉ ቃል በእናንተ ዘንድ ይቅር። ጥፋታችሁን የነገራችሁ ሰው ባይወዳችሁም እንኳ፣ ነገሩ እውነት ከሆነ ታረሙ። እናታችሁ ስትመክራችሁ ምክሯን የሚያሳፍር አድርጋችሁ አትቍጠሩት። የምትወዱት ሰው ቢያሳዝናችሁ አልቅሱ፤ ካለቀሳችሁም በኋላ ወደ ሥራችሁ ተመለሱ። እንዲህ ያለ ጠባይ በአንድ ቀን አይገኝም፤ ሞኒካም ያገኘችው በየቀኑ በቤቷ ውስጥ እየተማረች ነው።